ጀርመን አገር አሮጌ ፖሎ ገዝቶ ማደስ፦ የመካኒክ ልጅ ምክር

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቤቴ ኦፈንባህ፣ ሥራዬ ደግሞ ከሃናው ወዲያ ያለች ትንሽ ከተማ። በአዘቦት ቀን ባቡርና አውቶቡስ ያደርሱኛል። እሑድ ግን ፈረቃዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የመጀመሪያው አውቶቡስ ገና አልተነሳም። ሁለት የበረዶ ወቅት የሥራ ባልደረባዬን እያስቸገርኩ ተመላለስኩ። ሦስተኛው ሳይመጣ የ2006 ፎልክስቫገን ፖሎ በ1,700 ዩሮ ገዛሁ። ይኸው አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። «ማስታወቂያ አይቻለሁ፣ ልግዛው?» የሚል የሐበሻ ልጅ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ለእያንዳንዱ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

አባቴ መካኒክ ነው። ያደግኩት ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ጋራዡ ውስጥ ካቻቢቴና ቺያቤ እያቀበልኩ ነው። ገዢ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነበረችው፦ «መኪና ሁለት ጊዜ ነው የሚገዛው። አንዴ ከሻጩ፣ አንዴ ከጋራዡ።» ጀርመን አገር ሁለተኛው ግዢ የሚያልቀው መኪናው ቱፍ ሲያልፍ ነው። ቱፍ የምንለው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የግዴታ ቴክኒክ ምርመራ ነው፤ አዲስ አበባ ቦሎ ለማውጣት እንደሚደረገው ምርመራ ማለት ነው፣ ግን ከሥር ያለውን ሁሉ በመዶሻና በባትሪ ያያሉ። ስለዚህ የመኪናን ዋጋ ስታሰሉ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር አትመልከቱ። ቱፍ እስኪያልፍ የሚበላውን ደምሩበት።

የኔን ልንገራችሁ። መኪናዋ 1,700። ቺንጋ (የሞተሩ የጎማ ቀበቶ) እና የውሃ ፓምፕ ከነእጅ ዋጋው 520። የፊት ሁለት ሞላዎች ከነእጅ ዋጋቸው 240። የኋላ ፍሬን ሸራ 70፣ ለሠራሁበት ቦታ ኪራይ 45። ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ 75። ያገለገለ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው 120። ለምርመራው ራሱ 150። ድምሩ 2,920 ዩሮ ነው። 1,700 ብቻ ይዤ ብነሳ ኖሮ መኪናዋ ቆማ ትቀር ነበር። በእጃችሁ 3,000 ካለ፣ 1,800 የሚል መኪና ፈልጉ። ይህቺን ያዙልኝ።

መንጃ ፈቃዳችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ጀርመን መኖር ከጀመራችሁ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ። መኪናውን ቀድሞ ገዝቶ ደጅ ማቆም ለኢንሹራንስ መክፈል ብቻ ነው።

ምን ዓይነት መኪና? ትንሽ፣ ቤንዚን፣ ማርሽ በእጅ የሚቀየር፣ መንገድ ላይ በብዛት የሚታይ። ፖሎ፣ ፋቢያ፣ ኮርሳ፣ ፊዬስታ። በብዛት ያለ መኪና ዕቃው ርካሽ ነው፣ የሚያውቀውም ብዙ ነው። ናፍታ ይቅርባችሁ። ከ2009 አጋማሽ በፊት የተመዘገበ መኪና ግብሩ በሞተሩ መጠንና በጭሱ ደረጃ ነው። እንደ የኔዋ ባለ ደረጃ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ለተጀመረ 100 ሲሲ ቤንዚን 6.75፣ ናፍታ 15.44 ዩሮ ይከፍላል። የኔ 1.4 ቤንዚን በዓመት 94 ዩሮ ነው። ያው ፖሎ በ1.4 ናፍታ ቢሆን 231 ነበር። አጭር መንገድ ለሚመላለስ ሰው ናፍታ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ጭሱን የሚያጣራው ክፍልም ካለው ይደፈናል።

ማስታወቂያ ስታነቡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ቱፉ እስከ መቼ ነው? ሰሌዳው ላይ ያለችውን ክብ ምልክት ፎቶው ላይ አጉልታችሁ እዩት፤ መሃል ያለው ዓመቱ ነው፣ ከላይ 12 ሰዓት ቦታ ላይ ያለው ቁጥር ወሩ ነው። ሁለተኛ፣ «ባስትለር» የሚል ቃል ካለ እለፉት። ራሱ ለሚጠጋግን ሰው የሚሸጥ ነው ማለታቸው ነው፤ በኋላ ብትከራከሩ ያንን ቃል ያነሱባችኋል። ሦስተኛ፣ ነጋዴ ሆኖ «በደንበኛዬ ስም ነው የምሸጠው» የሚል አለ። ነጋዴ ለግለሰብ ሲሸጥ ለተደበቀ ብልሽት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተጠያቂ ነው። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ግን ኃላፊነቱን በውሉ ላይ መሰረዝ ይችላል። በደንበኛ ስም የሚለው ከዚያ ኃላፊነት ለመውጣት ነው።

አሁን መኪናው ፊት ቆማችኋል እንበል። ከሁሉም በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ።

ይህን ከአባዬ ነው የተማርኩት። ፖሎዋን ከመግዛቴ በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ሌላ መኪና ለማየት ሄጄ ነበር። በቀጠሮ ነው የሄድኩት። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳደርግ ይፋጃል። ሰውዬው «አሁን ነው ቦታ የቀየርኳት» አለኝ። ቦታ የቀየረ መኪና እንደዚያ አይሞቅም። የሞቀ ሞተር በጠዋት የሚያሰማውን ድምፅ ይደብቃል፣ የሚያጨሰውንም ጭስ ይደብቃል። አመስግኜ ወጣሁ። ስትደውሉም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «እስክመጣ እንዳታስነሷት።»

የፖሎዋ ሻጭ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ኮፈኗ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አስነሱልኝ አልኩና አባዬ ጋር በቪዲዮ ደወልኩ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መነጽሩን አውልቆ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጠፈ። «ስልኩን ወደ ቺንጋው በኩል አድርጊው። አይደለም፣ ዝቅ። እዚያ ጋ።» ትንሽ ዝም አለ። «ሰማሽው? ያቺ የምታፏጨው የቺንጋ ወጣሪዋ ኩሽኔታ ናት። ሞተሩ ግን ደህና ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂያቸው።» ጠየቅኳቸው። «ተቀይሯል» አሉ። ወረቀት ግን የለም።

ስለ ቺንጋ ጠለቅ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና። ይህ ጎማ ቺንጋ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከቫልቮላዎቹ (አየር ከሚያስገቡትና ጭስ ከሚያስወጡት መክደኛዎች) ጋር አስተሳስሮ ያዞራል። ፒስተን ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቮላው መዘጋት አለበት። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮላው እንደተከፈተ ይቀራል፣ ፒስተኑ መጥቶ ይመታዋል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወርዶ መሠራት አለበት ማለት ነው። በ1,700 ዩሮ መኪና ላይ ይህ ማለት መኪናው አለቀ ማለት ነው። ቺንጋ በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል፤ ትንሽ የተነዳ የሽማግሌ መኪና ስለሆነ አይድንም። የዚህ የ1.4 ባለ 16 ቫልቭ ፖሎ ሞተር ደግሞ ሁለት ቺንጋ ነው ያለው። ትልቁ አንድ፣ ሁለቱን ካምሻፍቶች (ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) የሚያገናኝ ትንሽ አንድ። የውሃ ፓምፑም በትልቁ ቺንጋ ነው የሚዞረው። ጋራዥ ስትጠይቁ «ሁለቱም ቺንጋ፣ ወጣሪዎቹና ፓምፑ አብረው» በሉ። ፓምፑን ትተው ቺንጋ ብቻ የሚቀይሩ አሉ፤ ፓምፑ በዓመቱ ቢያፈስ ያው ሥራ እንደገና ሊከፈትና እንደገና ሊከፈል ነው።

ወረቀት የሌለው ቺንጋ ያልተቀየረ ቺንጋ ነው። ይህን ይዤ ነው ዋጋ የተከራከርኩት። ሻጩ ዋሽተዋል ለማለት አይደለም። መቼ እንደተቀየረ እሳቸውም አያስታውሱትም።

ቀጥሎ ከሥር። እኛ ሐበሾች ሞተር እንሰማለን፣ ቀለም እናያለን፣ ከሥር ግን አንጎነበስም። አዲስ አበባ ጨው መንገድ ላይ አይረጭም። እዚህ በረዶ በጣለ ቁጥር ይረጫል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። የባትሪ መብራት ይዛችሁ ሂዱ፣ ካርቶን አንጥፋችሁ ተንበርከኩ። ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታ፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች እዩ። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ላዩን ቡናማ የሆነ ዝገት አያስፈራም፤ የሚረግፍ ዝገት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ብየዳው ከመኪናው ይበልጣል።

ከፊት ጎማ ጀርባ እጃችሁን አስገብታችሁ ሞላውን እስከ መጨረሻው ዳብሱ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ሞላቸው የሚሰበረው ከታች፣ ሳህኑ ውስጥ የሚቀመጠው ጫፍ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። የኔዋ የግራው ጫፍ ጣት የሚያህል ቁራጭ ጎድሎት ነበር። ቱፍ በዚህ ይጥላል። ሞላ ደግሞ ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው። ይህን ሥራ በቤታችሁ አትሞክሩ፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ምንጣፉን ንኩት። በቀልድ አይደለም፣ ጫማችሁን የምታስቀምጡበትን ምንጣፍ በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ የኋላ ወንበሩንም ጭምር። በዚህ የፖሎ ትውልድ የበሩ የውስጥ ማሸጊያ ሲደርቅ የዝናብ ውሃ በበሩ ውስጥ ወርዶ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ስጫነው ጣቶቼ ረጥበው ወጡ። አይግዙኝ የሚያሰኝ ጉድለት አይደለም። የበሩን ሽፋን ፈትቶ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ጠራርጎ፣ በአዲስ ቡቲል (የሚለጠጥ ማሸጊያ) መዝጋት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ግን ሻጩ ፊት ረጥቦ የወጣ እጅ ዋጋ ይቀንሳል። 2,000 ያሉት መኪና በቺንጋው፣ በሞላውና በምንጣፉ 1,700 ገባ።

የዘይት መክደኛውን ስትከፍቱ ውስጡ ነጭ አረፋ ካለ ወዲያው ቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው የተበላሸው አትበሉ። በብርድ ወቅት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ውስጡ ላብ ይይዛል። የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ወይም ዘይት መስሎ ከታየ ነው መሸሽ ያለባችሁ። ስትነዱ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን በኃይል ርገጡ፤ ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልተፈተለከ ፍሪሲዮኑ አልቋል። መሪውን እስከ ጥጉ አዙራችሁ በዝግታ ተሽከርከሩ፤ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የጎማ አዟሪው መገጣጠሚያ ነው።

20 ዩሮ የማይሞላ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የኮምፒውተር ማንበቢያ ግዙና መሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰኩት። ስህተት ካልተገኘ ገና አትደሰቱ። «ሬዲነስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ዝርዝሮች ናቸው። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ስህተቱን አንድ ሰው በቅርብ ሰርዞታል፣ ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ስሙት፣ ፊታቸውንም እዩ።

ወረቀት ላይ ብዙ አልቆይም። ሊብሬው ሁለት ክፍል ነው። አንዱ መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው፣ ሌላው ብሪፍ የሚሉት። ብሪፉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ይመሳከር። የድሮ የቱፍ ሪፖርቶችን ለምኑ፤ እያንዳንዱ ላይ የዚያን ቀን ኪሎሜትር ተጽፏል። በየሁለት ዓመቱ ደርድሯቸው። የሆነ ቦታ ቁጥሩ ወደ ኋላ ከሄደ ቆጣሪው ተነክቷል። ሪፖርቱ ላይ በማስጠንቀቂያ ያለፉ ነገሮችም አሉ። ያኔ በማስጠንቀቂያ ያለፈ ነገር ዛሬ ሂሳብ ነው። ውሉ ላይ የተስማማችሁበትን ጉድለት ሁሉ ጻፉ፤ የተረከባችሁበትን ቀንና ሰዓትም ጭምር። ከዚያ ከኢንሹራንስ ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ኮድ ተቀብላችሁ፣ መታወቂያችሁንና የባንክ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ምዝገባ ቢሮ ትሄዳላችሁ። ኢንሹራንስ ለአዲስ ሹፌር ውድ ነው፤ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ማደሱ። የሥራ ክፍፍሌ ቀላል ነው። ቺንጋና ሞላ ለባለሙያ ሰጠሁ። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ የመብራት መስታወት ማጽዳት ራሴ ሠራሁ።

ዕቃ መግዛት እዚህ አገር ደስ ይላል። ሶማሌ ተራ አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ልጁ አይቶ ከጀርባ መሳዩን ያመጣልሃል። እዚህ ሊብሬው ላይ 2.1 እና 2.2 የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ከመጀመሪያው አራቱን ቁጥር፣ ከሁለተኛው የፊት ሦስቱን ብቻ ለዕቃ መሸጫው ስትሰጡት ለዚያች መኪና የሚሆነው ይወጣል። ቢሆንም ከመግጠም በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ። የአባዬ ልማድ እዚህም ይሠራል።

ቦታስ? መንገድ ላይ ዘይት መቀየር ክልክል ነው። «ሚትቬርክሽታት» የሚባሉ በሰዓት የሚከራዩ ጋራዦች አሉ። ማንሻው፣ ቺያቤው፣ መብራቱ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሲቸግራችሁ የምትጠይቁት ባለሙያም አለ። የተቃጠለውን ዘይት የት ልድፋ አትበሉ፤ አዲሱን የሸጠላችሁ ሱቅ የዚያኑ ያህል አሮጌ የመቀበል ግዴታ አለበት። ደረሰኙን ያዙ።

የኋላ ፍሬኗ ባለ ታምቡር ናት፤ ሸራው ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ነው የሠራሁት። የፊት ጎማዎች ላይ ድንጋይ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ጎማውን ፈታሁ። ታምቡሩን የሚይዛት አንዲት ትንሽ ብሎን ናት፤ ከዝገት ጋር ተጣብቃ ስለነበር ቅባት ረጭቼ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ታምቡሩ እንቢ ሲል በጉልበት አልሄድኩበትም። የጎማ ብሎን በሚገባባት ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ ሸራውን የሚወጥረውን ሽብልቅ ወደ ላይ ገፋሁት። ሸራው ተሰበሰበ። በጎማ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ሳደርገው ታምቡሩ ወጣ። ውስጡ ሸራው ወደ ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ዱቄቱን በአፋችሁ አትንፉት። አባዬ ሲነፋው ነው ያደግኩት። ያኔ የፍሬን ሸራ አብዛኛው አስቤስቶስ ነበረበት፣ ማንም አልነገረንም። ፍሬን ማጽጃ እየረጫችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጓንት አድርጉ።

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትክፈቱ፤ ሲጠፋባችሁ ያልተነካውን ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ሸራውን የምትገፋውን ትንሽ ፒስተን የሚሸፍነውን ጎማ በቀስታ ግለጡ። እርጥበት ካለ የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። የኔዋ ደረቅ ነበረች። ገጥሜ ስጨርስ መኪናዋን ከማንቀሳቀሴ በፊት ፍሬኑን ሃያ ጊዜ ያህል ረገጥኩት፣ ሸራው ራሱን እስኪያስተካክል። ከዚያም የጋራዡን ባለሙያ «እስቲ እዩልኝ» ብዬ አሳየሁት። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አንድ ጊዜ ቢያይልኝ ምን ይጎዳኛል?

የጎማ ብሎን በእግር ረግጦ ማጥበቅ ይቅር። የዚህች ፖሎ የማጥበቂያ መጠን 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ያለው ቺያቤ እዚያው ይከራያል። 50 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ እዩት። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለበረዶ የሚሆነው ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ብቻ ነው።

የቱፍ ቀን ከመድረሱ በፊት ማታ በጨለማ ግድግዳ ፊት ቁሙና መብራቶቹን አንድ በአንድ አብሩ፣ ፍሬቻውን፣ የሰሌዳውን መብራት ጭምር። ክላክሱን ሞክሩ። ሦስት ማዕዘኑ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑና አንጸባራቂ ሰደርያው መኪናው ውስጥ ይኑሩ። በአምፖል መውደቅ ያሳዝናል። ብትወድቁም አንድ ወር አላችሁ፤ የተጻፈውን ብቻ ሠርታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ለድጋሚው የምትከፍሉት ከመጀመሪያው ያንሳል።

የኔዋ በመጀመሪያው አለፈች። መርማሪው አዲሱን ምልክት ሰሌዳዋ ላይ ሲለጥፍ ፎቶ አንስቼ ለአባዬ ላክሁለት። «ቺንጋውን መቼ እንደቀየርሽ ጽፈሽ ኮፈኗ ውስጥ ለጥፊ» ብሎ መለሰልኝ። ቀኑንና ኪሎሜትሩን በማይለቅ ቀለም ጽፌ፣ የጋራዡን ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር አስቀመጥኩ። ከኔ በኋላ የሚገዛት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።